ኦቦ ዋቅጅራና የጀርመን ጎራዴዎቹ

የኦቦ ዋቅጅራን ሞት የሰማሁት ሲሬ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሱቄ ውስጥ የአንድ ተማሪ ማመልከቻ ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ ሳለ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ለሊሴ ናት። «ሰብለ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ማሽኑ ግን ወረቀት መትፋቱን አላቆመም፤ ተማሪው «እትዬ፣ አንድ ብቻ ነው ያልኩሽ» እስኪለኝ ድረስ አሥራ ምናምን ቅጂ ወጥቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ነቀምት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ለዚያው ቀብር የሚሄዱ ኖሯል። አንደኛው «ሰው ያተረፉ ሰው ናቸው» ሲል፣ ሌላው «የሰው እጅ የቆረጠ ሰው ነው፣ ምን ታወራለህ!» ብሎ ጮኸበት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ያተረፉት የእኔን ሰዎች ነው። የቆረጡትንም እጅ በዓይኔ አይቻለሁ።

የኦቦ ዋቅጅራ ብየዳ ቤት ነቀምት መናኸሪያ ጀርባ፣ ከቀድሞው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ብረት ሲቆርጡ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት እስክሪብቶዎች እየተንከባለሉ ይወድቃሉ። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ቅንድባቸው በብየዳ ፍንጣሪ ተቃጥሎ ያለቀ ሽማግሌ ነበሩ። ለስላሳ ሰው ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ሲቆጡ እጃቸው የያዘውን ይወረውራሉ፤ መዶሻም ይሁን ፒንሳ፣ ሻይ የሞላ ብርጭቆም ይሁን። ሲበርድላቸው ራሳቸው ሄደው የወረወሩትን ያነሱና የተወረወረበትን ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «ነካህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሠራተኞቻቸው ይህን «ነካህ?» ከይቅርታ ቆጥረውት ይኖሩ ነበር።

ሱቁን በከፈትኩ በመጀመሪያው ዓመት በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፈው ገቡ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። «እንደምን ነሽ፣ ልጄ» ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ «ልጄ» እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «እዚህ ብረት ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንሳት ትችያለሽ?»

ጋቢውን ሲገልጡት ጎራዴ ነው። እጀታው ጫፍ ላይ የአንበሳ ራስ ተቀርጿል፤ ዓይኖቹ ቀይ ብርጭቆ ናቸው። ስለቱ እንደምናውቀው ብረት ነጭ አይደለም። ሰማያዊ ሆኖ ቅጠልና አበባ በወርቅ ተስሎበታል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ በጥምዝምዝ የፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ፎቶ አንስቼ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኩና በስልኬ ተረጎምኩላቸው። አንድ የጀርመን የጦር መኮንን ከሠራዊቱ ሲሰናበት ጓደኞቹ ለመታሰቢያ የሰጡት ነበር። እጀታው አጠገብ ደግሞ በትንንሹ የቀጥቃጩ ስምና የከተማው ስም፣ ዞሊንገን፣ ተመቶበታል።

ስለ መኮንኑ ምንም አልጠየቁኝም። ትንሿን ጽሑፍ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ «ይሄ የሠራው ሰው ስም ነው? እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ።

እንዲህ ያሉ ጎራዴዎች አምስት ነበሯቸው። ድሮ ወርቅ ፍለጋም፣ ንግድም፣ ሌላም ሥራ ብለው ወለጋ የገቡ ጀርመኖች ለባላባቶች በስጦታ የሰጧቸው ናቸው ይሉ ነበር። አንዱን ከጊምቢ፣ አንዱን ከደምቢ ዶሎ፣ ሌላውን ከአንዲት መበለት ቤት ጣሪያ ሥር አውጥተው አምጥተዋል። ጎራዴ አለ ከተባለ ብየዳ ቤቱን ዘግተው ቀኑን ሙሉ በጭነት መኪና ላይ ይንገላታሉ። ለሊሴ «አባዬ ለእናቴ መድኃኒት ለመግዛት እንኳ እንዲህ ሮጦ አያውቅም» ትለኝ ነበር፣ እየሳቀችም እየተናደደችም።

የዚህን ፍቅር ምክንያት ለማወቅ ዓመታት ፈጀብኝ። ኦቦ ዋቅጅራ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ናቸው። እዚያ አገር ቀጥቃጭ ቱምቱ ይባላል። ገበሬ ቱምቱ በሠራው ማረሻ ያርሳል፣ ቱምቱ በሠራው ቢላ ያርዳል፤ ከቱምቱ ቤት ግን ሚስት አያገባም፣ አብሮትም ከአንድ ገበታ አይቀርብም። በኔ ጊዜ ይህ ነገር ቀርቷል ይባላል። ቢሆንም ሰዎች ከኦቦ ዋቅጅራ ጋር ሲጣሉ መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል ይኸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ቀጥቃጭ ስሙን በጌቶች ጎራዴ ላይ የሚጽፍበት አገር በዓለም ላይ መኖሩን ሲያውቁ፣ እንደ ሕፃን ነው የተደነቁት።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መጣ። ጎራዴዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድረን አየ። አራቱን አደነቀ። አምስተኛውን አንስቶ በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና ከንፈሩን መጠጠ።

«ይሄኛው ተበላሽቷል» አለ። «የስጦታ ጎራዴ አይሳልም፤ ለሰልፍና ለሰላምታ ነው የሚሠራው። እዩት፣ አራቱም ዱልዱም ናቸው። ይሄን ግን የሆነ ደደብ ቀጥቃጭ ስለት አወጣለሁ ብሎ ወርቁን ልጦታል።»

መዶሻው በጆሮው አጠገብ አልፎ ውጭ የቆመችውን የነጋዴውን መኪና መስታወት አደቀቀው። ሰውየው ሮጠ። ኦቦ ዋቅጅራ መዶሻቸውን ለማንሳት አልሄዱም፤ «ነካህ?»ም አላሉም። ወንበሬ ላይ ተቀመጡና ያቺን የተሳለች ጎራዴ ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ደደብ ያለው አባቴን ነው» አሉኝ።

በንጉሡ ዘመን፣ እሳቸው ስምንት ዓመታቸው ሆኖ የአባታቸውን ወናፍ ሲነፉ፣ የቀያቸው ባላባት ይህን ጎራዴ ይዞ መጣ። ለበዓል በሬ ልቆርጥበት ነውና ስለት አውጣለት አለ። አባታቸው ኦቦ ጉደታ «ጌታዬ፣ ይህ ለዓይን የተሠራ ነው፤ ብስለው ወርቁ ይሄዳል» ብለው ለመኑ። ባላባቱ አልሰማም። ኦቦ ጉደታ ሦስት ቀን ሙሉ ሳሉት። ምላጭ አደረጉት። እንደፈሩት ግን ከወርቁ ጽሑፍ ግማሹ ተላጠ። ባላባቱ መጥቶ የተላጠውን ወርቅ በጣቱ ዳሰሰ አሉ። ከዚያ «ስለቱን ልይ፤ እጅህን አምጣ» አለ።

«አባቴ ሰጠው» አሉኝ ኦቦ ዋቅጅራ። «እስከ ዛሬ ያልገባኝ ይሄ ነው፣ ኢንታላ ኮ። አልሮጠም። እጁን ብረት በሚቀጠቅጥበት መስፍ ላይ ዘረጋለት። በአንድ ምት ሁለት ጣቱ ወደቀ። ድምፁ ጎመን ሲቆረጥ ዓይነት ነው። አባቴ በሌላ እጁ ጨርቅ አንስቶ መጀመሪያ የጠረገው ጎራዴውን ነበር። ደሙን ከጌታው ጎራዴ ላይ ጠረገለት፤ ከዚያ ነው ቁስሉን ያሰረው።»

አብዮቱ ሲመጣ የባላባቱ ቤት ተዘረፈ፤ ጎራዴውም ጠፋ። ኦቦ ዋቅጅራ አድገው፣ ብየዳ ተምረው፣ አግብተው ወልደው፣ ጎራዴውን ሲያፈላልጉ ኖሩ። በመጨረሻ ያገኙት አንገር ጉቲን ቆላ፣ በሠፈራ ከመጡት ገበሬዎች በአንዱ ቤት ነው። ገበሬው የማሽላ አገዳ ይቆርጥበት ነበር። ሁለት ማረሻና አንድ የብረት አልጋ ሠርተው ቢሰጡት በደስታ ለወጠላቸው።

«ታዲያ ለምን አይሰባብሩትም?» አልኳቸው።

«ስለቱ እኮ የአባቴ ሥራ ነው» አሉ። «ሌላ የሠራው ነገር የት አለ? ማረሻው አለቀ፣ ቢላው ዛገ። ስሙን የጻፈለት የለም።» ጎራዴውን ጠቅልለው ከብየዳ ቤቱ በር ኋላ፣ ሁልጊዜ ከሚሰቅሉበት ሚስማር ላይ መልሰው ሰቀሉት።

ከዚያ በኋላ አገሩ ተበላሸ። የኪራሙ መንገድ ተዘጋ። ወንድሜ አለሙ እዚያ ገበሬ ነበር፤ ወላጆቻችን ከወሎ መጥተው የሠፈሩበት መሬት ነው። አንድ ሰኞ ስልኩ እምቢ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ሚስቱ ጥሩዬ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ነቀምት ደረሰች። ጫካ ለጫካ ሲሄዱ የሰነበቱ ናቸው፤ የትንሿ እግር አብጦ ጫማ አያስገባም። አለሙን የታጠቁ ሰዎች በሩ ላይ ገደሉት፤ ቤቱን ከነእህሉ አቃጠሉት። ጥሩዬ ይህን የነገረችኝ ቆማ ነው። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ደግ ሴት ናት። ግን በማግስቱ «ሰብሊዬ፣ ቤቴን ያቃጥሉብኛል፤ ልጆቹን ውሰጂልኝ» ብላ አለቀሰች። አልፈረድኩባትም። ከዚያ አካባቢ ሬሳ እየመጣ በከተማው በየቀኑ ይቀበር ነበር፤ የሞተው የአንድ ወገን ሰው ብቻ አልነበረም።

ኦቦ ዋቅጅራ ሁኔታዬን አይተው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አላሰቡበትም። «ብየዳ ቤት አምጫቸው» አሉ። ከቆርቆሮው ክምር ጀርባ ፍራሽ አነጠፉላቸው። አሥራ አንድ ቀን ተቀመጡ። ለሊሴ ምግብ ታመጣለች። ትንሿ ልጅ የመቁረጫው ድምፅ ሲጀምር ትጮኽ ስለነበር ኦቦ ዋቅጅራ ብረት መቁረጥ አቆሙ፤ ደንበኛ ሲመጣ «መብራት የለም» ይሉታል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ገመቹ መጣ። ገመቹን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባጃጁን ሁልጊዜ እደጃችን ያቆማል፤ ስንት ጊዜ ኦቦ ዋቅጅራ አካሏን በይደውለታል። በዚያ ሳምንት ታናሽ ወንድሙን ኪራሙ ውስጥ ገድለውበት፣ ያን ቀን ጠዋት ቀብሮት መመለሱ ነው። አፈሩ ሱሪው ላይ አለ። ከኋላው አሥር ወይም አሥራ አምስት ወንዶች ዱላና ገጀራ ይዘዋል። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ኦቦ ዋቅጅራ ወጥተው የብረት በሩን ከኋላቸው ገርበብ አደረጉት።

«ዘወር ይበሉ፣ ኦቦ» አለ ገመቹ በኦሮምኛ። ድምፁ በልቅሶ አልቋል። «ከእርስዎ ጋር ጠብ የለንም።»

«ውስጥ ያሉት አንዲት ሴትና ሁለት ሕፃናት ናቸው።»

«ወንድሜም ልጅ ነበር።»

«ወንድምህን እነዚህ አልገደሉትም፣ ገመቹ።»

«የገደለውን ታዲያ የት ላግኘው?» አለ። «ይንገሩኝ! የት ሄጄ ላግኘው?»

ኦቦ ዋቅጅራ ወደ ውስጥ ገብተው በሩን ሊዘጉ ሲሉ ገመቹ ቀኝ እጁን አስገብቶ የበሩን ጠርዝ ያዘ። ከውስጥ ጥሩዬ ስትጮኽ ሰማሁ። የኦቦ ዋቅጅራ ክንድ ከበሩ ኋላ ወደ ሚስማሩ ሲሄድ፣ ጋቢው ሲወድቅ፣ ሰማያዊው ብረት አንዴ ብልጭ ሲል አየሁ።

ገመቹ እጁን ሳበና አየው። አውራ ጣቱ ብቻ ቀርቷል። አራቱ ጣቶች የበሩ ደፍ ላይ፣ በብረት ብናኙ መሐል ወድቀዋል። ከዚያ በኋላ የጮኸውን ጩኸት ዛሬም ብየዳ ቤት አጠገብ ሳልፍ እሰማዋለሁ። አብረውት የመጡት ወደ ኋላ ተበተኑ። አንዱ የወረወረው ድንጋይ የኦቦ ዋቅጅራን ግንባር ፈነከተው። እሳቸው ጎራዴውን ጣሉ፤ ሽርጣቸውን ቀደው የገመቹን እጅ እንቅ አድርገው አሰሩ፤ ከወገቡ አቅፈው የገዛ ባጃጁ ውስጥ አስገቡትና ደም ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ሆስፒታል ድረስ ነዱት። እኔ ያን ጊዜ ጥሩዬንና ልጆቹን በጓሮ አውጥቼ፣ ለሊሴ ባገኘችልን የጭነት መኪና ላይ በበቆሎ ጆንያ ሥር ደብቄ፣ ሲሬ አወረድኳቸው።

ፖሊስ ኦቦ ዋቅጅራን ከሆስፒታሉ ወሰዳቸው። በሳምንቱ ልጠይቃቸው ገባሁ። ግንባራቸው ተሰፍቷል። ላመሰግናቸው ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር።

«አታመስግኝኝ» አሉ ገና ስጀምር። «ለልጆቹ ብዬ የመታሁት ይመስልሻል?»

«ለእነሱ እንጂ ለማን ነው?»

«እስከ በሩ ድረስ ለእነሱ ነበር።» እጃቸውን አዩት። «በሩ ላይ ጣቶቹን ሳይ ግን ልጆቹን ረሳኋቸው። በመዶሻው እጀታ ብመታው ይለቅ ነበር። ገፍቼ ብጥለውም ይወድቃል። ቦታው ተመቸኝ፣ ኢንታላ ኮ። ስለቱ ሲገባ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያ ሰው አባቴን ለመምታት እንዴት አስቻለው ስል ኖሬያለሁ። ቀላል ነው። ምንም አይከብድም።»

ጠባቂው ሰዓት አልቋል ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ይህን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሽማግሌዎች ገቡበት። ከብዙ ምልልስ በኋላ ኦቦ ዋቅጅራ የገመቹን የሕክምና ወጪ እንዲችሉ፣ የመቱበትም መሣሪያ ለገመቹ እንዲሰጥ ወሰኑ። ኦቦ ዋቅጅራ ተፈትተው ሲወጡ፣ ለሕክምናው ክፍያ ያን በመዶሻ ያባረሩትን ነጋዴ ራሳቸው ደውለው ጠሩትና አራቱን ጎራዴ አስረከቡት፤ ሲወስዳቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩም። አምስተኛው ገመቹ ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የገመቹ በር ላይ እየሄዱ ይቆማሉ። እናትየው «አይፈልግዎትም፣ ይሂዱ» ይሏቸዋል። ይሄዳሉ። በሳምንቱ ደግሞ ይመጣሉ።

እኔ ዕቃዬን ወደ ሲሬ ለማጓጓዝ ነቀምት በተመለስኩበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገመቹ ብየዳ ቤት ገባ። ግድግዳው ያገናኘናልና ሲገባ አይቼ ተከትዬው ሮጥኩ። ጎራዴውን በግራ እጁ ይዞታል። አልቸኮለም። ኦቦ ዋቅጅራ አዩት። የያዙትን ቁራጭ ብረት አስቀመጡ፤ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መስፉ ላይ አኖሩትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ኦቦ!» ብዬ ጮኽኩ። አልሰሙኝም።

ገመቹ ጎራዴውን አነሳ። እሳቸውን አንቱ ብሎ ሲጠራ የኖረው ልጅ፣ «ዓይንህን ክፈት» አላቸው። ከፈቱ። ክንዱ ላይ ያለው ጅማት ሲወጠር ይታየኛል። ውጭ የሚኒባስ ረዳቶች «ጊምቢ! ጊምቢ!» እያሉ ይጣራሉ።

«እጄን የሚመልስልኝ ቢሆን እመታህ ነበር» አለ ገመቹ በመጨረሻ። ጎራዴውን ቁርጥራጭ ብረቱ ክምር ላይ ወረወረው። «ባጃጇ ቆማ ሦስተኛ ወሯ ነው። ነዳጁ የሚሰጠው በቀኝ እጅ ነው። እናቴን ምን ላብላት? በእግር የሚነዳ አድርግልኝ።»

ኦቦ ዋቅጅራ እጃቸውን ከመስፉ ላይ ለማንሳት ጊዜ ወሰደባቸው። «አምጣት» አሉ።

ሦስት ሳምንት ሠሩ አለችኝ ለሊሴ። የነዳጁን ገመድ ከመሪው አውርደው ከግራ እግር ሥር መርገጫ ሠሩለት። መጀመሪያ የሠሩት ተሰበረ፤ ሁለተኛው በጣም ጠነከረ። በሦስተኛው ገመቹ መናኸሪያውን ዞሮ ተመለሰና «ወደ ግራ ትጎትታለች» አላቸው። ደግመው ከባጃጇ ሥር ገቡ። ጎራዴውን ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስቡ ሰዎች ከሌላው ጋር በጆንያ ጠቅልለው ጫኑት፤ ኦቦ ዋቅጅራ ቆመው ሲጫን አዩ።

ታረቁ ብሎ የሚያወራ አለ። አልታረቁም። ገመቹ ሰላምታቸውን አይመልስም ነበር። ግን በየጊዜው ባጃጇን ያመጣል፤ እሳቸውም ይሠራሉ፤ ይጨቃጨቃሉ። ባለፈው ሐሙስ፣ በብየዳ ጭስ የታመመው ሳንባቸው ሲብስ፣ ወደ ሆስፒታል የወሰዳቸውም እሱ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ገመቹ ከግቢው ውጭ ባጃጁን ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል። ስለ ጥሩዬና ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ። ደህና ናቸው፣ ትምህርት ገብተዋል አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። እኔም ልጠይቀው የማይገባኝን ጠየቅሁት።

«ይቅር አልካቸው?»

«አላልኳቸውም» አለ። «ሐሙስ ዕለት ሳደርሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ። ኦቦ፣ ሊሞቱ ነው መሰለኝ፣ እኔ ግን ይቅር አላልኩዎትም አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

ገመቹ መርገጫውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«‹አትበለኝ› አሉኝ። ‹ግን ፍሬንህ ይጮኻል፤ አቁምና ልየው።›»